ስለ ታደሰ ሞተር የመጀመሪያ ዘይት አመራረጥ

መኪና በእጁ ያለ የወረዳ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህ ጉዳይ አንድ ቀን ሳያገኘው አይቀርም። መኪናው ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ ጢሱ ይበዛል፤ ዘይት ይበላል፤ ዳገት ሲወጣ ይደክማል። ከዚያም ወደ ጋራዥ ይገባና ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፤ ሲሊንደሩ ይፋቃል ወይም ይለወጣል፤ አዲስ ፒስቶን፥ አዲስ ፋሻ፥ አዲስ ብሮንዚን ይገባለታል። ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይጠየቃል፤ ሹሙም ሒሳቡን መርምሮ ይፈርማል። መኪናው ከጋራዥ በወጣ ጊዜም ሥራው የተፈጸመ ይመስላል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የታደሰ ሞተር ዕድሜ ብዙውን የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነው። በዚያ ጊዜ የተጨመረው ዘይት የማይስማማ እንደ ሆነ፥ ወይም ዘይቱ የሚስማማ ሆኖ አነዳዱ የተሳሳተ እንደ ሆነ፥ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ገና ይጠየቃል። ይህም በእርሻ ወራት የደረሰ እንደ ሆነ ጉዳቱ የመኪናው ብቻ አይደለም፤ ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው እንዲደርስለት የሚጠብቀው ገበሬ የጉዳቱ ተካፋይ ይሆናል።

ስለዚህ ሹም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ዘይት ሥራ ከኋለኛው ዘይት ሥራ የተለየ ነው። የኋለኛው ዘይት ሥራው ማንኛውንም ፍቀት መከልከል ነው። የመጀመሪያው ዘይት ግን በአንድ ቦታ ጥቂት ፍቀት እንዲሆን መፍቀድ፥ በሌላው ቦታ ደግሞ ፍቀትን ፈጽሞ መከልከል አለበት። ይህን ሁለት ዓይነት ሥራ የሚረዳ ሰው በገበያ ከተደረደሩት ቆርቆሮዎች ውስጥ የሚስማማውን ለመምረጥ አይቸገርም።

1ኛ፤ ሞተር እንደ ምጣድ አይሟሽም፤ እንደ ወይፈን ይቀናል

አዲስ ምጣድ የገዛች ባለቤት ወዲያው እንጀራ አትጋግርበትም። በዝግታ እሳት ታሞቀዋለች፤ የጎመን ዘር እየቀባች ታሟሸዋለች፤ ፊቱ ሲለሰልስና ሲወለወል ለእንጀራ ይበቃል። ብዙ ሰው ሮዳጅ ስለሚባለው ስለ ሞተር ማለማመድም እንዲሁ ያስባል። ሞተሩ እንዳይጎዳ በማለት ሚኒሞ በሚባለው ዝቅተኛ ዙር በጋራዡ ግቢ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንዲሠራ ይተወዋል፤ በገበያ ካለውም ዘይት ከሁሉ የሚያለሰልሰውንና ከሁሉ ውድ የሆነውን መርጦ ይጨምርበታል። አሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን ክፉ ነው።

ሞተር የሚመስለው ምጣድን ሳይሆን ወይፈንን ነው። ወይፈን በበረት ቆሞ ገለባ ስለ በላ አይቀናም፤ ቀንበር ሊጫንበትና ሞፈር ሊስብ ይገባዋል። ደግሞም በመጀመሪያው ቀን ድንጋያማ መሬት ከንጋት እስከ ምሽት አይታረስበትም፤ ጥቂት ሠርቶ ያርፋል፤ እንደ ገና ይጠመዳል። ለታደሰ ሞተርም ሕጉ ይኸው ነው። ሸክም ያስፈልገዋል፤ ሸክሙ ግን በመጠንና በየተራ መሆን አለበት። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ መመልከት ይገባል።

2ኛ፤ ፍቀት የሚፈለግበት ቦታ

የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲታደስ እንደ መስተዋት ተወልውሎ አይተውም። መካኒኩ በሞረድ ድንጋይ እየፋቀ እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ ቀጫጭን ጭረቶች ያወጣበታል። ወፍጮ የሚያውቅ ሰው የዚህን ምክንያት በቀላሉ ይረዳዋል፤ የወፍጮ ድንጋይ ካልተወቀረ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ በሚገባ አይፈጭምና። የሲሊንደሩም ጭረት ሁለት ሥራ አለው። በጎድጓዳው ዘይት ይዞ ግድግዳውን ያርሳል፤ በጉብታው ደግሞ አዲሱን ፋሻ ጥቂት በጥቂት እየፋቀ ከግድግዳው ጋራ ያስማማዋል። ፋሻ ማለት በፒስቶኑ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት ሲሆን፥ ከላይ የሚነደው ጋዝ ወደ ታች፥ ከታች ያለውም ዘይት ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚጠብቅ ነው።

አዲስ ፋሻና አዲስ የተፋቀ ግድግዳ ሲገናኙ በሁሉ ቦታ አይነካኩም፤ የሚነካኩት በጉብታዎቹ ጫፍ ብቻ ነው። ፋሻውን ከግድግዳው ጋራ አጥብቆ የሚያገናኘውም የራሱ የመወጠር ኀይል ብቻ አይደለም። ቤንዚኑ ወይም ናፍጣው ሲነድ የሚወጣው የጋዝ ግፊት ከፋሻው በስተኋላ ገብቶ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ይህ ግፊት የሚበረታው ሞተሩ ሸክም ሲሸከም ነው።

ሞተሩ ያለ ሸክም በሚኒሞ የቆመ እንደ ሆነ ግን ግፊቱ ይደክማል፤ ፋሻውም በዘይቱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ጉብታውን አይልግም። በግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት በሙቀቱ እየተቃጠለ እንደ ቫርኒሽ ያለ ልባጥ ይሆንና ጭረቶቹን ይደፍናቸዋል። ጭረቱ አንድ ጊዜ ከተደፈነ ፋሻው የሚላመድበት ዕድል አልፏል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሰማያዊ ጢስ ያወጣል፤ ዘይት ይበላል፤ ጋዙም ወደ ታች እያለፈ ዘይቱን ያበላሸዋል። ለዚህ በሽታ የታመነው መድኃኒት ሞተሩን እንደ ገና ፈትቶ ግድግዳውን መፋቅና ፋሻውን መለወጥ ነው፤ ይኸውም ቀድሞ የተከፈለውን ገንዘብ ዳግመኛ መክፈል ማለት ነው።

3ኛ፤ ፍቀት የሚከለከልበት ቦታ

የመጀመሪያው ዘይት መፋቅን የሚፈቅድ ይሁን ከተባለ፥ እንግዲያስ ከሁሉ የረከሰውና የደከመው ዘይት ይበቃል ማለት ነውን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ፥ አይበቃም፤ በዚያው ሞተር ውስጥ ፍቀትን ፈጽሞ የማይታገሥ ሌላ ቦታ አለና።

ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ እንደ ዕንቁላል የሾሉ ጉብታዎች አሉት። እነዚህ ጉብታዎች ፑንተሪያ የሚባለውን ገፊ እየገፉ ቫልቮላውን ይከፍታሉ። በብዙ አሮጌ ሞተሮች የፑንተሪያው ፊት በጉብታው ላይ የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ሁለቱም የሚነካኩበት ቦታ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ የቫልቮላው ሞላ ጭነት ሁሉ በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ይወድቃል። በሞተር ውስጥ እንዲህ ያለ ብርቱ ጭነት የሚያርፍበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው። አዲስ ካምሻፍትና አዲስ ፑንተሪያ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካልተጠበቁ ፊታቸው ይላጣል፤ ጉብታውም እየተበላ ይጠፋል። የተበላውም ብረት በዘይቱ ውስጥ እየዞረ ወደ ብሮንዚን ይገባና ሌላውን ደኅና ክፍል ያበላሻል።

በዚህ ቦታ ያለው ዘይት በብዙ ሞተር የሚደርሰው ታች ካለው ዘንግ እየተረጨ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚደርሰው ዘይት ጥቂት ነው። በሚኒሞ ማቆም በሁለት በኩል ጥፋት ነው የሚባለው ስለዚህ ነው፤ ለፋሻው ግፊት ያንሰዋል፥ ለካምሻፍቱም ዘይት ያንሰዋል።

4ኛ፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ጠባቂና በቆርቆሮው ላይ ያሉት ፊደላት

ካምሻፍቱን በእንዲህ ያለ ጭነት የሚጠብቀው ዘይቱ ራሱ ብቻ አይደለም፤ በዘይቱ ውስጥ የሚቀላቀል የዚንክና የፎስፎረስ መድኃኒት ነው። ይህ ቅመም ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሞተር ዘይት ውስጥ ይገባል። ሥራውም እንዲህ ነው፤ ብረትና ብረት ተፋጭተው ሙቀት በሚወለድበት ቦታ ቅመሙ ይፈርስና በብረቱ ፊት ላይ እጅግ ቀጭን የሆነ የፎስፌት ልባስ ይሠራል። ጭነቱ ሲመጣ የሚላጠው ይህ ልባስ እንጂ ብረቱ አይደለም፤ ልባሱም በተላጠ ቁጥር እንደ ገና ይተካል።

ነገር ግን የጢሱን መርዝ ለማጣራት በአዳዲስ መኪናዎች ጢስ ማውጫ ውስጥ የሚገባውን ማጣሪያ ፎስፎረስ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። ስለዚህ ሠሪዎች በቤንዚን ሞተር ዘይት ውስጥ ያለውን ፎስፎረስ እየቀነሱ ሄዱ። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በ2004 እ.ኤ.አ. ኤስ ኤም የተባለውን ደረጃ ባወጣ ጊዜ እንደ 5 ደብልዩ 30 እና 10 ደብልዩ 30 ላሉት ቀጫጭን ዘይቶች የፎስፎረሱ ልክ ከመቶ 0.08 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከእርሱም በኋላ በ2010 የወጣው ኤስ ኤን፥ በ2020 የወጣው ኤስ ፒ ይህንኑ ልክ ጠብቀዋል። ፑንተሪያቸው በሚንከባለል ጎማ የተሠራ አዳዲስ ሞተሮች በዚህ አይጎዱም። ጠፍጣፋ ፑንተሪያ ላለው አሮጌ ሞተር፥ ይልቁንም አዲስ ካምሻፍት ለገባለት፥ የሞተር አዳሾች የሚመክሩት ግን ከመቶ ከ0.10 እስከ 0.14 ያለውን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት እንግዳ ይመስላል፤ እውነት ግን ነው። አዲስ ደረጃ ያለውና ዋጋው የበለጠ ዘይት ለአሮጌ ሞተር የመጀመሪያ ሰዓት የግድ የተሻለ አይደለም። ሹሙ ወይም የግምጃ ቤቱ ሰው ቆርቆሮውን ሲመረምር የሚከተለውን ያስታውስ።

ሀ፤ ለሞተር ማለማመጃ ተብሎ የተሠራ ዘይት በገበያ የተገኘ እንደ ሆነ ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ዘይት የዚንኩና የፎስፎረሱ ልክ ከፍ ያለ፥ የማጠቢያው ቅመም ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ የማጠቢያው ቅመም በብረቱ ፊት ላይ ለመቀመጥ ከጠባቂው ቅመም ጋራ ይሻማልና።

ለ፤ ይህ ካልተገኘ፥ 15 ደብልዩ 40 የሆነ የናፍጣ ሞተር ዘይት በብዙ ቦታ ሊገኝ ይችላል። በ2006 የወጣው ሲ ጄ 4 እና በ2016 የወጣው ሲ ኬ 4 የተባሉት ደረጃዎች ፎስፎረስ እስከ ከመቶ 0.12 ድረስ ይፈቅዳሉ። ለቤንዚን ሞተር ሲገዛ በቆርቆሮው ላይ በሲ ከሚጀምረው ፊደል ጋራ በኤስ የሚጀምረውም መጻፉን መመልከት ይገባል።

ሐ፤ ኤስ ኤ የሚል ምልክት ያለው ዘይት ቅመም የሌለበት ባዶ ዘይት ነው። ከ1930 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩት አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች እንደማይስማማ ደረጃውን ያወጣው ኢንስቲትዩት ራሱ ያስታውቃል። ርካሽ ስለ ሆነና ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይገዛ።

መ፤ ከታመነ ዘይት ላይ ሌላ የዚንክ መድኃኒት በግምት መጨመር አይገባም። ቅመሙ ከልክ ሲያልፍ ራሱ ብረቱን መብላት ይጀምራል። ግጭትን ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጥ ማለስለሻም በማለማመጃው ጊዜ አይጨመርም፤ ፋሻውን የሚያስማማውን ጥቂት ፍቀት ይከለክላልና።

5ኛ፤ ከመሬት የወጣ ዘይትና በጥበብ የተሠራ ዘይት

ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣው ሚኒራል ዘይት ይባላል፤ በኬሚስትሪ ጥበብ የሚሠራው ደግሞ ሲንተቲክ ይባላል። ለማለማመጃ የሚመረጠው ሚኒራል ዘይት ነው። አንዳንድ ሰዎች በሲንተቲክ ዘይት ፋሻ ከቶ አይላመድም ይላሉ፤ ይህ ግን ከልክ ያለፈ ነገር ነው። ኮርቬት የተባለው የአሜሪካ መኪና ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፋብሪካው ሲወጣ በሞተሩ ያለው ዘይት ሲንተቲክ ነበረ፤ ፋሻውም ተላምዷል። ነገር ግን የዚያ ሞተር ሲሊንደር በፋብሪካ መሣሪያ በጥንቃቄ የተፋቀ ነው፤ ፑንተሪያውም የሚንከባለል ነው። በአገር ውስጥ ጋራዥ በእጅ የታደሰ አሮጌ ሞተር ከዚህ ጋራ አይተካከልም።

ሁለተኛውም ምክንያት የሒሳብ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዘይት ብዙ የብረት ብናኝ ስለሚሰበስብ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደፋል። በቶሎ ለሚደፋ ነገር ውድ ዋጋ መክፈል የመንግሥትን ገንዘብ ማባከን ነው። ሞተሩ ከተላመደ በኋላ፥ የሠሪው መጽሐፍ የሚፈቅድ ከሆነ፥ ሲንተቲክ መጨመር ይቻላል።

6ኛ፤ ስለ ዘይቱ ውፍረት

በቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውፍረት ምልክት እንጂ የጥራት ምልክት አይደለም። ቁጥሩ በበዛ መጠን ዘይቱ ወፍራም ነው። በሁለት ቁጥሮች መካከል የሚገባው ደብልዩ የብርድ ምልክት ነው፤ 15 ደብልዩ 40 ማለት በብርድ እንደ 15፥ በሙቀት እንደ 40 የሚፈስስ ማለት ነው። ውፍረቱን የሚወስነው የሠሪው መጽሐፍና የአገሩ አየር ነው። በደብረ ብርሃን ማለዳ የሚነሣ ሞተርና በአፋር ወይም በጋምቤላ ሙቀት የሚሠራ ሞተር አንድ ዓይነት ውፍረት ላያስፈልጋቸው ይችላል። ሞተሩ አዲስ ስለ ሆነ ይጠበቅ ተብሎ ከታዘዘው በላይ ወፍራም ዘይት መጨመር ስሕተት ነው፤ ወፍራም ዘይት በቀዝቃዛ ሞተር ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ዘግይቶ ይደርሳልና።

7ኛ፤ ለምሳሌ የሚሆን ሞተር

ይህን ሁሉ በሥራ ለማሳየት ቮልስዋገን፥ በተለምዶ ቮልስ የሚባለው መኪና ጥሩ ምሳሌ ነው። የመጨረሻው በሐምሌ ወር 2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ተሠርቶ ሥራው ቆሟል፤ በኢትዮጵያ ግን እየታደሰ በመንገድ ላይ የሚታየው ገና ብዙ ነው። ሞተሩ ጠፍጣፋ ፑንተሪያ አለው፤ በውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት ይቀዘቅዛል፤ የሚይዘውም ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። አብዛኛው ከፋብሪካው ሲወጣ የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ስለዚህ በዘይት አመራረጥ የሚደረግ ስሕተት በዚህ ሞተር ላይ ቶሎ ይታያል። የሥራው ተራ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሞተሩ ሲገጠም የካምሻፍቱ ጉብታና የፑንተሪያው ፊት ለዚሁ በተሠራ የሞሊብዲነም ቅባት ይቀባል። ፋሻውና ሲሊንደሩ ግን በዚህ ቅባት አይነኩም፤ ንጹሕ የሞተር ዘይት በስሱ ይበቃቸዋል።

ሁለተኛ፤ 2.5 ሊትር ሚኒራል ዘይት ይጨመራል። ለመካከለኛ አየር ቁጥሩ 30 የሆነ፥ ለሞቃት ቆላ 40 የሆነ ይስማማዋል። ከዚያም ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ይዞራል፤ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እሳት አይሰጠውም። ይህም ዘይቱ ከእሳቱ ቀድሞ ወደየቦታው እንዲደርስ ነው።

ሦስተኛ፤ የእሳቱ ሰዓት አስቀድሞ ተስተካክሎ፥ ካርቡራቶሩም ቤንዚን ይዞ ሞተሩ ወዲያው እንዲነሣ ይደረጋል። በተነሣም ጊዜ ሚኒሞ ላይ ሳይቆም በደቂቃ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ከፍ ዝቅ እየተደረገ 20 ደቂቃ ያህል ይሠራል። የአየር ማራገቢያውና የሸፈነው ቆርቆሮ ሁሉ በቦታው መሆን አለበት። እንግዳ ድምፅ የተሰማ ወይም የዘይቱ መብራት የበራ እንደ ሆነ ወዲያው ይጠፋል።

አራተኛ፤ ይህ ዘይት ገና ሙቅ ሳለ ይደፋል። ከሞተሩ በታች በስድስት ዳዶ የታሰረው ክብ ክዳን ተከፍቶ ወንፊቱ ይታጠባል። የተደፋው ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ ይመረመራል። ጥቁር ወይም ግራጫ የሆነ የቅባት እድፍ አያስፈራም። የሚያብረቀርቅ ስባሪ ወይም መዳብ የሚመስል ብናኝ በብዛት የታየ እንደ ሆነ ግን መኪናው ሳይነዳ ወደ መካኒኩ ይመለሳል።

አምስተኛ፤ አዲስ የማለማመጃ ዘይት ተጨምሮ መኪናው ወደ መንገድ ይወጣል። ሾፌሩ በመካከለኛ ማርሽ ቤንዚኑን በርታ አድርጎ ይረግጣል፤ ፍጥነት ሲያገኝ ይለቅና መኪናው በራሱ ሞተር እንዲያዝ ያደርጋል፤ ይህንንም ዐሥር ጊዜ ያህል ይደጋግማል። ሲረግጥ ፋሻው ከግድግዳው ጋራ ይጣበቃል፤ ሲለቅ ደግሞ ዘይት ወደ ላይ ተስቦ የተፋቀውን ብናኝ ያጥባል። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩ ኀይልና ግፊት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለዘብ ያለ ዳገት ለዚህ ሥራ ጠቃሚ ነው። ሆኖም ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር እንደሚያወጣው ያለ ረጅም ዳገት ለመጀመሪያው ቀን አይሆንም። እስከ 500 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት፥ ረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ፍጥነት፥ በትልቅ ማርሽ ሞተሩን ማስጨነቅም የተከለከለ ነው።

ስድስተኛ፤ በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱ እንደ ገና ይለወጣል፤ ወንፊቱ ይታጠባል፤ የቫልቮላውም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይለካል፤ ይኸውም በኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጥቂት ዘይት መብላቱ ያለ ነገር ስለ ሆነ በየጠዋቱ በመለኪያው ዘንግ መመልከት ግዴታ ነው። እየዋለ እያደር ዘይት መብላቱን እየተወ ከሄደ ፋሻው ተላምዷል፤ ሰማያዊው ጢስ ካልቀነሰ ግን ጋራዡ ሳይዘገይ ይጠየቅ።

ሒሳቡ ሲሰላ እስከዚህ ድረስ የገባው ዘይት ሦስት ጊዜ 2.5 ሊትር፥ ማለትም 7.5 ሊትር ነው። ይህን ዘይት ለማዳን ሲባል የመጀመሪያውን ዘይት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ማቆየት፥ ሞተር አጥፍቶ ዘይት ማትረፍ ነው።

8ኛ፤ ስለ ትራክተር

የናፍጣ ሞተር ሕግ በመሠረቱ ከዚህ አይለይም፤ የሲሊንደሩ መለበጥ ግን በናፍጣ ሞተር ይብሳል። ናፍጣ ሞተር ያለ ሸክም ሲቆም የሚያቃጥለው ጥቂት ስለ ሆነ ሲሊንደሩ በሚገባ አይሞቅም። ለምሳሌ ማሲ ፈርጉሰን 135 የተባለውን፥ ሦስት ሲሊንደር ያለውን የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር የሚሸከመውን ትራክተር ማንሣት ይቻላል። ሞተሩ ከታደሰ በኋላ በግቢ ቆሞ ከሚዋል ይልቅ፥ ሙቀቱ ልክ ሲደርስ በቀላል መሬት ላይ በመጠነኛ ጥልቀት ቢያርስ ይሻለዋል። ለእርሱም የሚስማማው ለናፍጣ ሞተር የተፈቀደ፥ በሲ የሚጀምር ደረጃ ያለው ሚኒራል ዘይት ነው። ልኩና ውፍረቱ በሠሪው መጽሐፍ እንደ ታዘዘው ይሆናል፤ ፊልትሮውም ከመጀመሪያው ዘይት ጋራ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ትራክተር ማደስ የሚገባው የእርሻው ወራት ሳይደርስ፥ ለማለማመጃ የሚሆን ቀላል ሥራ ባለበት ጊዜ ነው። በሰኔ የታደሰ ትራክተር በማግስቱ ወደ ከባድ ጥቁር መሬት ይገባል፤ ወይም ፈርተው በግቢ ያቆሙታል፤ ሁለቱም ይጎዳዋል።

9ኛ፤ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት

ሹም መካኒክ እንዲሆን አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጥያቄ እንዲያውቅ ነው። የሞተር ማደሻ ሒሳብ በቀረበለት ጊዜ አራት ነገር ይመርምር። ካምሻፍቱና ፑንተሪያው አዲስ ናቸውን? ፑንተሪያውስ ጠፍጣፋ ነው ወይስ የሚንከባለል? በሒሳቡ ውስጥ ለመጀመሪያው፥ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጊዜ የሚሆን ዘይት ተቆጥሯልን? የዘይቱ ስም፥ ደረጃና ውፍረት በጽሑፍ ተገልጿልን? የመጀመሪያውን 20 ደቂቃና የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር የሚጠብቀው ሾፌር ማን ነው? ሞተሩ አዲስ ዘመን ሠራሽ እንደ ሆነ ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው የሠሪው መጽሐፍ ትእዛዝ ነው።

ዘይቱ የተለወጠበት ቀንና የተነዳው ኪሎ ሜትር በመኪናው መዝገብ ይጻፍ፤ በኋላ ጉዳት ቢደርስ ጥፋቱ የጋራዡ ወይም የአነዳዱ መሆኑ በዚህ ይታወቃልና። የተደፋውም ዘይት በመስኖ ቦይ ወይም በእርሻ መሬት ላይ አይፈስስ፤ በበርሜል ተሰብስቦ ይቀመጥ።

ጥቂት ሊትር የሚስማማ ዘይትና የአንድ ሾፌር ትጋት ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ሞተር ለብዙ ዓመት ያቆዩታል። ወይፈኑን በሚገባ ያቀና ገበሬ በሬው እስኪያረጅ ድረስ ያርስበታል፤ በችኮላ ወይም በፍርሃት ያበላሸው ግን በእርሻ ወራት የጎረቤት በሬ ለመለመን ይወጣል።